ግራ ጎደሎ

ልጄ ኖላዊት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የግራ ጡቷን ለማስተካከል ቀጠሮ መያዟን የነገረችኝ ምሳ ላይ ነው፤ ጨው አቀብይኝ በምትልበት ድምፅ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሁለቱም ጡቶቿ ጤነኛ ናቸው። ይህን የምለው እናቷ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሐኪሙም መርምሮ የጻፈው ይህንኑ ነው። ከሐኪሙ ጽሑፍ በታች ግን «ግራ ጎደሎ» የሚል ቀይ ማኅተም አለ። በኮምቦልቻ፣ በ2061 ዓ.ም.፣ ጤነኛ መሆን ብቻውን አንዲትን ሴት የትም አያደርሳትም።

«በቢላ?» አልኳት።

«ቢላ አይባልም እማ። ማስተካከያ ነው።»

ቃሉን ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። ጡት ማስያዣችንን የሚሠራው ድርጅት ለሁሉም ነገር ለስላሳ ቃል አለው። መቅደድ «ማስተካከል» ነው፣ ጎማ መክተት «ማሟላት» ነው፣ ከዚያ በኋላ ለወራት የሚቆየው ሕመም ደግሞ «መላመድ» ይባላል። የዘምዘም የልጅ ልጅ ከተላመደች ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰኔ ወለደች፤ በግራ በኩል አንድ ጠብታ ወተት አልወጣትም። ሕፃኑ በአንድ ጡት እያደገ ነው፣ የእሷ ወረቀት ላይ ግን «ሙሉ» የሚል ተጽፏል። ዘምዘም የድሮ የፋብሪካ ጓደኛዬ ናት፣ ይህን ስትነግረኝ አልቅሳለች። እኔም ኖላዊት ቀጠሮዋን ስትነግረኝ መጀመሪያ የታየኝ ያ ሕፃን ነው።

እኔ ትርንጎ እባላለሁ፣ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ስምንት ዓመት ልብስ ፋብሪካ ሰፍቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በራሴ ማሽን የሰፈሩን ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ስለ ልብስ ልክ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። በዚህ ከተማ ግን በየቀኑ የሚያስተምረን አለ።

የከተማችን ሴት ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምትሰማው የጡት ማስያዣዋን ድምፅ ነው። «ልክሽ» ይባላል፤ የድርጅቱም የዕቃውም ስም ያው ነው። ለብሳው ስትቆልፈው ትንሽ ይጠብቃል፣ ትንሽ ይላላል፣ ጥቂት ያስባል። ከዚያ በሚያባብል ድምፅ የዕለቱን ልክ ይነግራትና የጎደለውን በአየር ይሞላል። ሲሞላ ጎሚስታ ቤት እንደሚነፋ ጎማ እስስ ይላል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል። ሙሉ የሆነችዋ በዝምታ ለብሳ ትወጣለች፤ የጎደለባት ሬዲዮ ከፍ አድርጋ ታስነፋለች። ስለዚህ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሕንፃችን የሬዲዮ ጩኸት ነው። ወንዶቹ ሴቶቻችን ዜና ይወዳሉ ይላሉ።

ምርጫ ሞልቷል። ቀለሙን፣ ጥልፉን፣ የማንገቻውን ስፋት፣ ጠዋት የሚመርቅበትን ድምፅ፣ ሁሉንም «አንቺው ንደፊው» ይላሉ። አርባ ሺህ ዓይነት አለው። የወሎ አነጋገር የሚያውቅ አለ፣ ሲቆለፍ እልል የሚል አለ፣ ለሐዘን ቀን ድምፁን ቀንሶ የሚያጽናና አለ። አንዲት ሴት በአርባ ሺህ ዓይነት መንገድ ራሷን መሆን ትችላለች። ልኳን ብቻ መምረጥ አትችልም፤ እሱን ድርጅቱ ያውቅላታል። ማስታወቂያቸው «ልክሽን እወቂ» ነው የሚለው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ይህን ቃል ስትናገር ቀጥሎ ጥፊ ይመጣ ነበር፤ አሁን በወርቅ ቀለም አደባባይ ላይ ተሰቅሏል።

ልኩን ሁሉም በር ከጡት ማስያዣው ላይ ያነበዋል። የአውቶቡስ የሴቶች በር፣ የባንክ የሴቶች መስኮት፣ የመሥሪያ ቤት የሴቶች ልብስ መቀየሪያ። ሽማግሌ ሲላክም «እንዲያው ለወጉ ያህል ነው» ተብሎ የልጅቱ ልክ ወረቀት ይጠየቃል። ለኖላዊት የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አድርገው ነው ወረቀቷን ያነበቡት። «እንመካከርበት» ብለው ሄዱ። ይኸው ሰባት ወር ሆናቸው፣ እየተመካከሩ ነው። የላካቸው ልጅ እዚያው ፋርማሲ አብሯት ይሠራል፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታው አጠረ። ኖላዊት ለእኔ አንድም ቀን አላማረረችም፣ ሬዲዮውን ብቻ ከበፊቱ የበለጠ ከፍ ማድረግ ጀመረች።

የጎደላት አራት ሳንቲም ነው። ድርጅቱ እንደሚለው የአገራችን ሴት የግራ ጡት ከቀኙ በአራት ሳንቲም ይበልጣል። ለምን ቢባል ልቧ በዚያ በኩል ስለሆነ። ቸርነቷ፣ እናትነቷ፣ ትዕግሥቷ ሁሉ እዚያ ተጠራቅሞ ገፍቶት ነው። ይህን አንድ ፕሮፌሰር በሦስት ቅጽ ጽፎታል። ትምህርት ቤት በግጥም ይነበባል። መድረክ ላይ «የልብ ጎኔ» እያሉ የሚያለቅሱ ሴቶች አይቻለሁ፣ እንባቸውም እውነተኛ ነበር። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት ሴት ተነሥታ መስታወት ፊት ቆማ፣ ኧረ የእኔስ እኩል ናቸው ያለች እንደሆነ አልሰማሁም። ብትልም ጎደሎ ነሽ ይሏታል እንጂ ልክ ነሽ አይሏትም።

አሁን ስለ አራቱ ሳንቲም እኔ የማውቀውን ልናገር።

በ2018 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከገጠር መጥቼ ፋብሪካ ውስጥ እጅጌ እገጥም ነበር። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሴቶች ነበርን። አንድ ቀን ሁለት ወጣት ወንዶች ቁም ሳጥን የሚያህል ባለ መብራት መሣሪያ ይዘው መጡ። የአገራችን ሴት በሰው አገር ልክ የተሰፋ ጡት ማስያዣ ስትለብስ ስለኖረች በራሷ ልክ ሊሠሩላት እንደሆነ የፈረቃ ኃላፊያችን ነገረን። አሳቡ መልካም ነበር። ያን ጊዜ የምንለብሰው ከሰልባጅ ክምር መርጠን የምንገዛውን ነው፤ ሽቦው ብብታችንን ይወጋል፣ ማንገቻው ትከሻችንን ይቆርጣል። በልኬ የተሰፋ ቢመጣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

መሣሪያው ግን ራቁት ገላ ነው የሚፈልገው። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ የወሎ ልጅ በሁለት ወንድ ፊት ደረቷን ልትገልጥ? እምቢ ያለች የለችም፣ እሺ ያለችም የለችም፤ ዝም ብለን ቆምን። ልጆቹም አፈሩ። አንደኛው ላብ በላብ ሆኖ ከጓደኛው ጋር ተንሾካሾከና በልብሳችን ላይም ቢሆን እንደሚበቃ ነገረን።

ከልብሳችን ሥር ደግሞ ገላችን ብቻ አልነበረም። የፋብሪካው በር ላይ የምትፈትሸን ሴት ቦርሳችንን ትገለብጣለች፣ ኪሳችንን ትዳብሳለች፣ ደረታችን ውስጥ ግን እጇን አትሰድም። የማደሪያችን ቁም ሳጥን ቁልፉ በሹካ ይከፈታል። ስለዚህ ያለንን ሁሉ የምናኖረው ጡት ማስያዣችን ውስጥ ነበር፤ ስልክ፣ የክፍል ቁልፍ፣ በመሀረብ የተቋጠረች ብር። የሚወጣው በቀኝ እጅ ነውና የሚቀመጠው ሁልጊዜ በግራ ነው። ያን ቀን በወንድ ፊት እጃችንን ደረታችን ውስጥ ሰደን ዕቃችንን ማውጣት ነውር ሆነብን፤ ፈታሿም እዚያው ቆማለች። እንደያዝነው ገባን። ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አዝራሩን ይጫናል፣ መሣሪያው ይበራል፣ ይጠፋል፣ ቀጣይዋ ትገባለች።

አራቱ ሳንቲም ይኸው ነው። የሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሴት ስልክና ቋጠሮ ተደምሮ ተካፍሎ የሴትነት ልክ ሆነ።

ለአርባ ሦስት ዓመት ለምን ዝም አልሽ የሚለኝ ይኖራል። መጀመሪያ አላወቅንም፤ ተለካን፣ ወደ ማሽናችን ተመለስን፣ አለቀ። ካወቅን በኋላ ደግሞ ሳቅንበት። ዘምዘም በደወለች ቁጥር «ስልክሽ ዛሬም በየሰዉ ደረት ላይ ነው» ትለኛለች፣ እስቃለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ዝምታ ግን ነቅዞ የሰው ልጅ በላ። ቀልዱ ቤቴ እስኪገባ ድረስ እንደሳቅኩ ሳስበው አፍራለሁ።

ለኖላዊት ሁሉንም ነገርኳት። ታላቅ ሲናገር እንዳታቋርጥ ያሳደግኳት እኔ ነኝና እስክጨርስ ሰማችኝ። ስጨርስ ግን ትኩሳት ያለባት ሰው እንደሚታይ አየችኝ።

«አራት ሚሊዮን ሴት የለበሰው በአንቺ መሀረብ ልክ ነው የምትዪኝ?»

«በሁላችንም መሀረብ። ዘምዘምን ጠይቂያት።»

«ይሁን እሺ። ይሄ ግን እውነት አይደለም?» ብላ እጇን ልቧ ላይ አደረገች። «ጠዋት ጠዋት ሲነፋ ምን እንደሚሰማኝ አታውቂም እማ። ግማሽ ሴት ነኝ'ኮ።»

እጄ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጥኩ፣ እንዳልወረውረው። ያናደደችኝ እሷ አይደለችም። ሰው በገዛ ገላው እንዲያፍር አድርጎ ማፈሪያውን በአርባ ሺህ ዓይነት ጥልፍ አስጊጦ የሚሸጥ ድርጅት፣ እሱን አምኖ በግጥም የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ መነጽር ጠርጎ የሚያነብ ሽማግሌ፣ እነዚህን ሁሉ ንቄ ንቄ አልወጣልኝ አለ። ንቀት ግን ቀጠሮ አይሰርዝም። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ለመሥራት ተነሣሁ።

ለእኔ ስትል ብቻ እንድትለካ ለመንኳት፣ እሺ አለች። መጋረጃውን ዘግቼ በሜትር፣ በራቁት ገላዋ ላይ ለካኋት። በሕይወቷ የሰው እጅ ሲለካት የመጀመሪያዋ ነው። ደረቷ ዙሪያ፣ ከአንገቷ ሥር እስከ ጫፉ፣ ከብብቷ እስከ መሀል፣ ቁጭ ብላ አንድ ጊዜ፣ ጎንበስ ብላ አንድ ጊዜ። የግራና የቀኝ ልዩነቷ የክር ውፍረት አይሞላም። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጥጥ ጨርቅ፣ ሽቦ የሌለው፣ ማንገቻው ሰፋ ያለ፣ ፊት ለፊት በሦስት መንጠቆ የሚያያዝ፤ የቀኝ ትከሻዋ ትንሽ ስለሚወርድ በዚያ በኩል ማንገቻውን አሳጠርኩት። እንዲህ ያለውን አርባ ሺዎቹ ውስጥ አታገኙትም፣ ምክንያቱም የእሷን ትከሻ አይቶ የሠራ የለም።

ለብሳው ሦስቱን መንጠቆ አያያዘች። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። «የለበስኩ አይመስለኝም» አለችኝ። ያን ቀን ቤት ዋለች፤ ማታ ስታወልቀው ጀርባዋ ላይ ያ ሁልጊዜ የሚቀረው ቀይ መስመር አልነበረም። እኔ ሞኟ ጨረስኩት ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ለብሳው ሥራ ሄደች፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች። የሆነውን የነገረችኝ ቆማ ነው። የአውቶቡሱ የሴቶች በር ፊቷ ላይ ተዘጋና «ሴት አልተገኘችም» አለ። ደግማ ብትጠጋው ደግሞ አለ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነው፣ ችግሩ የማሽኑ እንደሆነ ነግሮ በወንዶቹ በር አስገባት። ወንዶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት፣ አንዱ ሽማግሌ አሟት እንደሆነ በትሕትና ጠየቃት። ፋርማሲው ጋ የልብስ መቀየሪያው በር ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ተናገረ፤ ሦስተኛውን ድምፁን ከፍ አድርጎ። ባልደረቦቿ ነበሩ፣ ሽማግሌዎቹን የላከው ልጅም ነበር። የሳቀባት የለም። ሁሉም ሌላ ሌላ ነገር ማየት ጀመሩ።

የሰፋሁላትን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ማሽኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ልኬ ነው እማ። ግን ለብሼው ማንም አያየኝም።»

በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሴት ልጅ በወንድ ዓይን ስትታይ ያሸማቅቃት ነበር፤ የእኔ ልጅ ደግሞ በር ሳያያት ቀርቶ አለቀሰች።

ድርጅቱ በየዓመቱ የተመሠረተበትን ቀን ያከብራል። ያን ጊዜ የተለካነውን ሴቶች «መሥራች እናቶች» ብሎ ይጠራናል፣ ካባ ያለብሰናል። እኔና ዘምዘም ጥሪውን ተቀብለን አናውቅም ነበር። በዚህ ዓመት በዓሉ የዋለው ከኖላዊት ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፣ ስለዚህ ሄድን። ካባው በግራ በኩል ትልቅ ልብ የተጠለፈበት ነው፣ ስፌቱም ያሳፍራል፤ ጫፉ አልተዘመዘመም። የሴትነት ዋና አማካሪ የምትባል አንዲት ወጣት ተነሥታ፣ እኛ መሥራች እናቶች በዚያ ታሪካዊ ቀን ያለ አንዳች መሸሸግ ራሳችንን ለሳይንስ እንደገለጥን ተናገረች። ዘምዘም ሳቋን ልትይዝ ስትል ሳል ያዛት። አጠገባችን ያሉትን መሥራች እናቶች ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። ሁሉም ያውቃሉ።

ከንግግሩ በኋላ ሻይ ሲቀርብ መሥራቹን ለብቻው አገኘሁት። ዶክተር ያፌት ይባላል፤ ያኔ ላብ በላብ የሆነው፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ የነበረው ልጅ ነው። አሁን ራሱ ተመልጧል። ከተለኩት አንዷ መሆኔን ስነግረው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ምስክር እንደሚሰጥ ሰው ቀስ ብዬ ነገርኩት። ስልኩን፣ ቁልፉን፣ ቋጠሮውን፣ ፈታሿን፣ ለምን በግራ እንደሆነ። ዘምዘም ከጎኔ ሆና የእሷ ስልክ ባትሪ ያለው ወፍራሙ እንደነበር ጨመረችለት። ሲኒውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ለምን ያኔ አልነገራችሁንም?»

«እናንተስ ለምን አልጠየቃችሁንም?»

ጣሪያውን አየ። «አፍሬ ነው» አለ።

ከዚያ ድርጅት በአርባ ሦስት ዓመት የሰማሁት የመጀመሪያ እውነት ነው፣ ትንሽ አሳዘነኝም። ስለ ኖላዊት ነገርኩት፣ ሁለት ሳምንት ብቻ እንደቀረ፣ አንድ ልጄ እንደሆነች፣ የዘምዘም የልጅ ልጅ ምን እንደሆነች። ስሟን በእጁ ጻፈው።

«ከዚያ ሐሙስ በፊት ይታረማል» አለኝ። «ቃሌ ነው።»

ጨዋ ሰው ነው ዶክተር ያፌት። ቃሉን ጠበቀ።

ከሐሙሱ በፊት ባለው ሰኞ ለኖላዊት መልእክት መጣላት። መሠረታዊ ልኩ እየታረመ ስለሆነ ቀጠሮዋ ለጊዜው ታግዷል ይላል። መኝታ ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ወደ ሰርጉ ሊሄድ ለብሶ በመንገድ እንደ ቀረ ሰው ተሰማት መሰለኝ። እኔ ግን ሥጋ ገዝቼ ጠበስኩ። ዘምዘምን ጠርቼ በላን፣ ተሳሳቅን። ኖላዊት ለጨዋነት ያህል ሁለት ጉርሻ ጎረሰች። ጡቷ ተረፈ፣ ሌላው ይለመዳል ብዬ አሰብኩ።

ረቡዕ ጠዋት በየቤቱ ያሉት ጡት ማስያዣዎች እንደተቆለፉ አንድ ላይ መናገር ጀመሩ። በግድግዳው በኩል ሁሉም ይሰማል፣ ያው ድምፅ ከላይም ከታችም። በምሥረታው ዘመን በተደረገው ልኬት በግራ በኩል ስህተት መገኘቱን ለውድ ሴቶች አሳወቁ። ስህተቱን በድፍረት የጠቆሙትን መሥራች እናት ወይዘሮ ትርንጎን አመሰገኑ፣ ስሜን ከነአባቴ ጠሩ። ቀጠሉ። ግራውን ወደ ታች ማረም ግን በአርባ ዓመት ውስጥ ያስተካከሉትንና ያሟሉትን ሦስት ሚሊዮን እኅቶች ትርፍ የሚያደርግ፣ ክብራቸውንም የሚነካ ይሆናል። ስለዚህ በእኩልነት መርህ መሠረት ከዛሬ ጀምሮ ቀኙም በአራት ሳንቲም ከፍ ብሏል። እንኳን ደስ አላችሁ አሉ።

ከዚያ ሕንፃው በሙሉ እስስ አለ። ድምፅ ተሰምቶባቸው የማያውቁ ቤቶች ሁሉ፤ ባለ ሙሉዎቹ፣ የተስተካከሉት፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ጭምር። ሬዲዮ በየተራ ተከፈተ። ዘምዘም ደወለች፣ አላነሣሁትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር፣ የምትባለው ሴትዮ እኔ መሆኔን አላወቅኩም ነበር።

ኖላዊት ከክፍሏ ወጣች። ሁለቱም ተነፍተዋል። ስልኳን ይዛለች፤ ቀጠሮዋ ለነገ ተመልሷል፣ የሚፈጀው ሰዓት ብቻ ረዝሟል።

«ደግ አደረግሽ እማ» አለችኝ። «ቀኙም እንደሚያንሰኝ ሁልጊዜ ይሰማኝ ነበር።»

እስከ ትናንት ድረስ ስለ ቀኝ ጡቷ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ለመንኳት። በሞቴ አልኳት፣ ባጠባሁሽ ጡት አልኳት፣ የዘምዘምን የልጅ ልጅ ሄደሽ እያት አልኳት። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛ ሰማችኝ። አልተቆጣችም፣ ያሳመማትም ነገር ያለ አይመስልም። ሁሉም ሴት ዛሬ ጎደሎ ሆና እንደነቃች፣ ቀድማ ያስተካከለች ደግሞ ቀድማ እንደምትገላገል አስረዳችኝ፤ ሰልፉ ሳይረዝም ነገ መግባቷ ዕድል ነው። ከሁሉ የከፋኝ ደስተኛ መሆኗ ነው።

ሐሙስ አብሬያት ሄድኩ። ባልሄድስ? ቦርሳዋን ማን ይይዝላታል? የማስተካከያ ቤቱ መጠበቂያ ክፍል ጢም ብሏል፤ ከአርባ በላይ ሴት፣ ግማሾቹ ከትናንት ወዲህ የመጡ። በሩ ላይ ስሜ ተጽፎ፣ ካባ ለብሼ የተነሣሁት ፎቶ ተለጥፏል። ስገባ አወቁኝና ተነሥተው ወንበር ለቀቁልኝ። አንዲት የኖላዊት እኩያ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ፣ እኩልነት ያመጡልን እናት ብላ። ተባረኪ አልኳት። ኖላዊት በሰዉ ሁሉ ፊት የእናቷ ልጅ በመሆኗ ኮርታ ፈገግ አለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ሰባት ወር አልፎኛል።

ስሟ ተጠራ። ሳመችኝ፣ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ነጭ የለበሰች ነርስ ወረቀት ይዛ ወደ እኔ መጣች። ስህተት እንዳይፈጠር ከመጀመሩ በፊት በቤተሰብ አንደበት መረጋገጥ ያለበት ነገር እንዳለ በአክብሮት ነገረችኝ። የልጄን ሙሉ ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ዕድሜዋን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

«የትኛው ነው የሚሠራላት እናቴ፣ ግራው ነው ቀኙ?»

«ሁለቱም» አልኳት።